የቅጠሉ ቀለም

«አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ፖሊሶቹ ገና ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ።

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሟት አያውቅም። እስከ ዛሬ ያየቻቸው ነፍሰ ገዳዮች ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ከሟች ቤተሰብ በላይ ደረት ይደቃሉ፤ በር ከፍቶ «ግቡ፣ እኔ ነኝ» ያለ አልነበረም። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። የመንገድ ልብሷን አልቀየረችም። ሻንጣዋም እንደተቆለፈ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«እሺ እህቴ» አለቻት። «መጀመሪያ አባትሽን አሳዪኝ፤ ስለ ገዳያቸው ኋላ እንነጋገራለን።»

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፣ ግድም የላት። የሰው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፤ የሚቀረው ጠጠሩ ብቻ ነው።

ሽማግሌው የሞቱት በታላቁ ክፍል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ እንደተቀመጡ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው አጥፈዋል። ግንባራቸው አንድ ክምር ቅጠል ላይ አርፏል፤ የሎሚ፣ የጽጌረዳ፣ የወይን ቅጠል። ወለሉ ላይ ያለው የቆሻሻ ቅርጫትም በቅጠል ተሞልቷል። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ከቅርጫቱ አንዱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ገና ለስላሳ ነው፤ አረንጓዴነቱም እንከን የለውም። ለሥራ የመጣ እንዲህ ያለ ቅጠል ለምን እንደሚጣል አልገባትም፤ ያልገባትን ነገር ደግሞ አትወድም።

ቤቱ ፎቁ መኖሪያ፣ ምድር ቤቱ መሥሪያ ቤት ነው። የሚሠራውም መዝገበ ቃላት ነው። እንግሊዝኛ የሳይንስ ቃላቱን አብዛኞቹን ከላቲንና ከግሪክ ነው የወሰደው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ሥሩን ቆፍረው እያወጡ በአማርኛ ይፈቱታል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ተረት የተተረተው ለእነሱ ይመስላል። ሁሉም «ሊቁ» የሚሏቸው ሟቹ ሽማግሌ አንዲት የማትሻር ሕግ ነበረቻቸው፦ ስሙን ከመፍታትህ በፊት ነገሩን እይ። ማዕድን ከሆነ ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የአጥንት ስም ከሆነ አጥንቱ ይመጣል። ለዕጽዋቱ ሲሉ ጓሮውን ሙሉ አስተክለውታል። ያላዩትን ነገር ስም አንድ ቀን አጽድቀው አያውቁም።

ልጅቷ የቤቱ አራሚ ናት። እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ሳምንት ቆይታ የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው።

«ስደርስ ‹ክኒኔን ዛሬ ማንም አልሰጠኝም› አለኝ» አለች። «አመንኩት። ከእጄ ዋጠ። ‹ትንሽ ልሥራ› ብሎ ወደዚህ ወረደ፤ እኔ መንገዱ አድክሞኝ ተኛሁ። ዛሬ ጸሐፊያችን ስትመጣ፣ የትናንቱን ጠዋት ሰጥታው እንደነበር ነገረችኝ።»

«የምን ክኒን ነው?»

«የልብ ነው። ዶክተሩ ሁልጊዜ ‹ይህች ክኒን ትንሽ ስትበዛ ጠላት ናት› ይለናል። እኔ ደግሞ አበዛኋት።»

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱን አስመጥታ ክኒኖቹን በወረቀት ላይ ዘረገፈቻቸው። መጉደል ካለባቸው በላይ የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት፤ ልጅቷም አልዋሸችም።

በማግስቱ ጠዋት ግን የሆስፒታሉ ውጤት መጣ። አለቃዋ ስልክ ላይ ድምፁ ቁርስ እንደበላ ሰው ነበር።

«ደማቸው በልብ መድኃኒት ተሞልቷል። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«በጣም ተሞልቷል ወይስ ትንሽ?»

«በጣም። ልጅቷ እንደሆነ አምናለች። እኛ ጨካኞች አይደለንም፣ አንከሳትም፤ ‹በስህተት› ብለሽ ዝጊውና ፋይሉን ከሰዓት በኋላ አምጪልኝ።»

ለአለቃው ፋይሉ ይዘጋል፣ መደርደሪያ ይወጣል፣ ይረሳል። ልጅቷ ግን ዕድሜ ልኳን አባቷን በገዛ እጇ እንደገደለች ታምናለች፤ እንዲህ ካለው ፍርድ ደግሞ አመክሮም ይግባኝም የለም። ኢንስፔክተሯ ይህን አስባ አዘነች። ሐዘኗን ወደ ጎን አድርጋ ሒሳቡን ስታሰላው ሒሳቡ እምቢ አለ። በጠርሙሱ የጎደለችው አንዲት ትርፍ ክኒን ናት፤ በሽማግሌው ደም ውስጥ ያለው ግን የብዙ ክኒን ነው። የቀረው ከየት መጣ?

በቤቱ ከልጅቷ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጸሐፊዋ፣ አትክልተኛውና ምክትል አዘጋጁ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የመዝገበ ቃላቱ የሕክምና አማካሪ የሆነው ዶክተር ይመጣል፤ እሱው የሽማግሌው ሐኪምና የድሮ ወዳጅ ነው።

ጸሐፊዋ በዚያ ቤት ያረጀች፣ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ ክኒኑ ስትጠይቃት በየጠዋቱ ራሷ ቆማ እንዳዋጠቻቸው ማለች፤ በመጨረሻው ቀንም ሰጥታቸው ነበር፣ እሳቸው ረስተውት ነው።

«መርሳት ይወዱ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ጋሼ? የዛሬ ዓመት ቁርስ ምን እንደበላሁ የሚነግሩኝ ሰው!» አለች ጸሐፊዋ። «በዚህ ሳምንት ግን ሌላ ሰው ሆነው ከረሙ። ‹ይህን ቢጫ ወረቀት ከየት አመጣሽብኝ?› ይሉኛል። ወረቀቱ እንደ ወተት የነጣ ነው። ሌላ ገዝቼ አመጣሁ፤ ‹ይሄማ ባሰ› አሉኝ። ምግብም አስጠላቸው።»

እሷና አትክልተኛው እርጅና ነው ብለው አዝነውላቸው ነበር። ሻይስ ማን ያቀርብላቸው ነበር ስትባል፣ ወትሮ እሷው እንደነበረች፣ ያን ሳምንት ግን ምክትሉ አንድ ሙሉ ክፍል ድጋሚ እንድትጽፍ ስለሰጣት ከመቀመጫዋ ቀና ማለት እንዳልቻለች ተናገረች። ሻዩን ያለፈ ያገደመው ነው የሚያቀርብላቸው፤ አትክልተኛው ሎሚ ቆርጦ ይወስድላቸዋል፣ ምክትሉም ለጉሮሯቸው ብሎ ከቤቱ በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ያመጣላቸዋል።

«ለነገሩ ሁሉም ድካም ለከንቱ ነው» አለች ቀጥላ። «ጋሼ መጽሐፉን ሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እንጀምር ብለዋል። ማተሚያ ቤት ሊገባ ጫፍ ደርሶ። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ሲሉ፣ ምክትላችን ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? ‹ይህ እንቁላልስ እግር ሳያወጣ ገማ› አላቸው። ሁለቱ ድሮም እንደዚሁ ናቸው። በአንዲት ቃል ተስማምተው አያውቁም። ጋሼ ‹ነጭ› ካሉ እሱ ‹ጥቁር›፤ ግን ይዋደዳሉ፣ እንደ አባትና ልጅ ነበሩ።»

አትክልተኛውን ጓሮ ውስጥ ውሃ ሲያጠጣ አገኘችው። ስድብ እንደተሰደበ ሰው አኩርፏል፤ ሽማግሌው ሞተው እንኳ ቁጣው አልበረደለትም፣ ይህም አሳፍሮታል።

«ልጄ፣ ሙት አይወቀስም» አላት። «ግን ለእኔስ ማን ይፍረድልኝ? ሊቁ ‹ትኩስ ቅጠል አምጣ› አሉኝ። አመጣሁ። ‹ይህ የደረቀ ነው፣ ቢጫ ነው› ብለው መለሱኝ። እዚያው ቆርጬ፣ ውሃው ሳይንጠባጠብ አመጣሁ። ‹አሁንም ቢጫ!› ብለው ቅርጫት ውስጥ ወረወሩት። የቀጠፍኩትን ቅጠል አላውቀውም እንዴ? እኔ ላይ የቀለዱ መሰለኝ።»

«ለምን ፈለጉት ቅጠሉን?»

«‹ክሎሮፊል› የሚሏት ቃል ናት የያዙት። ቃሏ የግሪክ ነች አሉ። ‹ፊሎን› ቅጠል ነው፤ ‹ክሎሮስ› ደግሞ የቅጠሉ ቀለም።»

ኢንስፔክተሯ በአትክልቱ መሐል ቀስ ብላ ተራመደች። በግድግዳው ጥግ ረጅም ዘንግ ያወጣ ተክል ቆሟል፤ አበቦቹ እንደ ትንንሽ ደወል ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፣ ሰው ጣቱን ቢያስገባ ልክ ይሆኑታል። የግርጌ ቅጠሎቹ ግን የሉም።

«እነዚህን ምን በላቸው?»

«ቀንድ አውጣ ነዋ። በዚሁ ሳምንት ጨረሰብኝ።»

ተንበርክካ አየች። ቅጠሎቹ የተቆረጡት ከሥራቸው ነው፤ ቁርጡም ቀጥ ያለ ነው። ቀንድ አውጣ ቅጠል ይቦጫጭራል እንጂ በምላጭ አይቆርጥም። የተክሉን ስም ጠየቀች። ሽማግሌው ‹ዲጂታሊስ› ይሉት እንደነበር፣ ከላቲኑ ‹ዲጂቱስ› እንደመጣና ጣት ማለት እንደሆነ፣ ሰው በጣቱ ስለሚቆጥር ዛሬ ‹ዲጂታል› የሚባለው ሁሉ የዚሁ ዘመድ እንደሆነ አስተምረውት ነበር። «አጠገቡ አትድረስ» ብለውትም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ረስቷል።

ምክትል አዘጋጁ በቢሮው ጥቁር ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሽበቱ ከአለቃው ሽበት ቀድሞ የመጣ፣ ንግግሩ የተጣራ ሰው ነው። ሐዘኑ የእውነት እንደሆነ ኢንስፔክተሯ ወዲያው አየች፤ ዓይኑ አብጧል፣ እርሳስ እንደያዘም አንዲት ቃል አልጻፈም።

«ገና ወጣት ሳለሁ ነው የመጣሁት» አለ። «የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«በጣም ትከራከሩ ነበር አሉ።»

«ሥራችን ነው። ያልተከራከሩበት ቃል ያልበሰለ ነው ይሉ ነበር።»

«በመጨረሻዋ ቃልስ? ‹ክሎሮፊል› ላይ?»

«በእሷ እንኳ አልተከራከርንም።» እርሳሱን አስቀመጠ። «ሊቁ ቅጠሉ ቢጫ ነው አሉ። ጸሐፊዋ ሳቀች፣ አትክልተኛው ተቆጣ። እኔ ዝም በሉ አልኳቸው። ግሪኮች ‹ክሎሮስ› የሚሉት አንድ ቀለም አይደለም፤ አንዴ የቡቃያ ነው፣ አንዴ የማር፣ አንዴ በፍርሃት የነጣ ፊት። ‹ልክ ነዎት፣ ቢጫ ነው› ብዬ አለፍኩት።»

«አመኑበት ማለት ነው?»

«ሽማግሌ ሰው ምን አስጨንቀዋለሁ ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጥቂት አሰበች። እንዲህ ያለ መልስ ደግ ነው፣ የተማረም ነው፣ ስህተትም የለበትም። ሆኖም ወንፊቷ ላይ አንዲት ጠጠር ቀርታለች።

ዶክተሩን ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ወዳጁን ስላጣ ከሰው ጋር ማውራት አስጠልቶታል። በዚያ ሳምንት ለምን ወደ መዝገበ ቃላቱ ቤት እንዳልሄደ ስትጠይቀው፣ ምክትሉ ደውሎ ሊቁ ሥራ በዝቶባቸው የዚህ ሳምንት ስብሰባ እንደቀረ ነግሮት እንደነበር መለሰላት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «አንድ ሰው በድንገት ነጩ ወረቀትም፣ አረንጓዴው ቅጠልም ቢጫ ሆኖ ቢታየው፣ ምግብም ቢያስጠላው፣ ምን ሆኗል ይሉታል?»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«ማን ነው እንዲህ የሆነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሊቁ። ልጃቸው ሳትመለስ፣ ሳምንቱን ሙሉ።»

«ሳምንቱን ሙሉ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «በዓይኔ ባያቸው ኖሮ ... አንዲት ቀን ብቻ ባያቸው ኖሮ አድናቸው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልደፈረውም። ልጅቷ ከወንበሩ በስተቀኝ፣ ምክትሉ በስተግራ፣ ጸሐፊዋና አትክልተኛው ከዚያ ቀጥለው፣ ዶክተሩ ግርጌ ላይ ነው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። የአለቃዋ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኾ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ ዘግታዋለች።

ከኪሷ አዲስ የተቀጠፈ የሎሚ ቅጠል አውጥታ ለአትክልተኛው ሰጠችው።

«በዚህ ቤት ሕግ እንሂድ» አለች። «ስሙን ከመናገራችን በፊት ነገሩን እንይ። አባቴ፣ ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«አረንጓዴ ነዋ» አለ አትክልተኛው።

ቅጠሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጸሐፊዋ አረንጓዴ አለች። ዶክተሩም፣ ልጅቷም። ምክትሉ ቅጠሉን ሳይነካው «አረንጓዴ» አለ።

«እንግዲህ ዓይናችሁ ደህና ነው። የሊቁ ዓይን ግን ታሞ ነበር፤ ይህን ሁሉ ቢጫ ነው ያዩት። ወረቀቱንም ቢጫ ነው ያዩት። እናንተ እርጅና፣ ቀልድ፣ ግትርነት አላችሁት። ዶክተር፣ ምን ነበር?»

ዶክተሩ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። የሊቁ የልብ ክኒን ዘሩ ከዚያ ባለ ጣት አበባ ተክል ነው፤ ሁለቱም ያው መርዝና ያው መድኃኒት ናቸው። ሲበዛ ምግብ ያስጠላል፣ ሐሳብን ያደናግራል፣ ዓለምንም ቢጫ አድርጎ ያሳያል።

«ልብ በሉ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሊቁ ቢጫ ማየት የጀመሩት ልጃቸው እህቷ ዘንድ ሳለች ነው። ስለዚህ የተመረዙት እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። ከጠርሙሱ ነው እንዳንል፣ ከጠርሙሱ በትርፍ የጎደለችው አንዲት ክኒን ናት። ሌላ ምንጭ አለ ማለት ነው። ምንጩ ጓሮ ነው፤ ቅጠሉ በምላጭ ተቆርጧል። በምንስ ሰጧቸው? ቅጠሉ መራራ ነው፤ የጸሐፊዋ ሻይ ምሬቱን አይሸሽገውም፣ የአትክልተኛው ሎሚም አይሸሽገውም። በርከት ያለ ዝንጅብል ግን ይሸሽገዋል።»

ልጅቷ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ምክትሉ አዞረች።

«ዝንጅብል በየቤቱ አለ» አለ ምክትሉ። «ለሳቸው ሻይ ማምጣቴ ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ።»

«ሻዩ አይደለም ያጋለጥዎት» አለችው። «አንድ ነገር ከበደኝ። እርስዎና ሊቁ በአንዲት ቃል ተስማምታችሁ አታውቁም። እሳቸው ሲተኩሱ፣ እርስዎ ሲመልሱ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ። እሳቸው በመጨረሻ ማንም ሕፃን የሚያየውን ነገር ተሳስተው ተናገሩ፤ እርስዎ ደግሞ በዕድሜዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ‹ልክ ነዎት› አሉ። የሳቀችውን ዝም አሰኙ፣ የተቆጣውን ዝም አሰኙ። ክርክሩ ቢቀጥል ዶክተሩ ጆሮ ይደርስ ነበር። ዶክተሩ ደግሞ ‹ቢጫ› የሚለውን ቃል ከሰማ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ እሱንም በስልክ አስቀሩት። ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ቤት የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር፣ ዶክተር?»

«ዲጂታሊስ የሚለውን ቃል ስንሠራ ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ዶክተሩ። «ተገርሞ ደጋግሞ ጠይቆኝ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ፔርሙስዎን ከቢሮዎ ወስደናል» አለች ኢንስፔክተሯ ለምክትሉ። «አጥበውታል። ከክዳኑ ጎማ ሥር ያለውን ግን ውሃ አልደረሰበትም፤ ላቦራቶሪው የዚያን ቅጠል ርዝራዥ አግኝቶበታል።»

ምክትሉ ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ግን ባዶው ወንበር ፊት ለፊቱ ነበር። ትከሻው ወረደ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «እንዲተኙ ብቻ ነው የፈለግሁት። አንድ ወር ቢተኙልኝ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባ ነበር። ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረናል። ሁለት ጊዜ! ፀጉሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የሸበተው። ሦስተኛ ሲሉኝ ... ስሜ አንድ መጽሐፍ ላይ ሳይጻፍ እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ለማሳመም ነው ይበሉ፣ ልመንዎት» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንክሮ። «‹ቢጫ ነው› ሲሉ መርዙ እንደ በዛባቸው ዓይናቸው ነግሮዎት ነበር። በማግስቱ ግን ደግመው ቀዱላቸው።»

ምክትሉ ፊቱን ከባዶው ወንበር አዞረ።

ጸሐፊዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ልጅቷ ግን ኢንስፔክተሯን ነበር የምታየው።

«የእኔዋ ክኒንስ?» አለች። «ያቺ ባትኖር ይነጋለት ነበር ወይ? አትሸንግዪኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዶክተሩ ተመለከተች። እሱ ተነሥቶ መጥቶ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለ፤ እጇንም ያዘ።

«በደማቸው የተገኘው ያንቺን ክኒን የሚያስቆጥር አይደለም» አላት። «አንቺ ስትደርሺ ልባቸው ቀድሞ ተሸንፎ ነበር። ክኒኑን እንዳልወሰዱ ያስመሰላቸውም ያው መርዝ ነው። ባትሰጪያቸውም ያቺን ሌሊት አያልፏትም ነበር። ወዳጄ ነበሩ፤ በእሳቸው አልዋሽሽም።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀችው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የያዘችው ትንፋሽ ይመስል ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ግንባሯን በዶክተሩ ትከሻ ላይ አድርጋ ለአባቷ አለቀሰች።

ፖሊሱ ምክትሉን በካቴና አስሮ አስነሣው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሊጠይቅ የፈለገው ነገር እንዳለ ከፊቱ ያስታውቃል። ኢንስፔክተሯ ይቅርታ ሊለምን ነው ብላ ጠበቀች።

«መጽሐፉስ?» አለ ወደ ልጅቷ ዞሮ። «አሁን ይታተማል አይደል? የቀረው እኮ ትንሽ እርማት ነው። ያውም ያንቺ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንቱ» ስትለው የኖረችውን ሰው እያየች፦

«የመጽሐፉን ቃል ሁሉ ያጸደቃችሁት አንተና አባቴ ናችሁ» አለችው። «አንተ አረንጓዴ ቅጠል እያየህ ቢጫ ነው ብለህ አሳልፈሃል። ሌላ ምን ምን እንዳሳለፍክ በምን አውቃለሁ? እያንዳንዱን ነገር እንደገና እዚህ ጠረጴዛ ላይ አምጥተን ማየት አለብን።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ሲያዝ፣ ሲጋለጥ፣ ሲያምን ያላለቀሰው ምክትል አዘጋጅ፣ ይህን ሲሰማ በታሰሩት እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።